የሰሌዳ ቤቱ ወንዝ የተሻገረ ጊዜ

ያልሰማችሁ ስሙ፤ የሰማችሁም እንደ አዲስ ስሙ። ወዲህ ማዶ የምትባል አገር ነበረች። ስሙን ያወጡላት የገዛ ነዋሪዎቿ ናቸው። ወንዙን ተሻግሮ ያየ ሰው ስላልነበረ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው ሁሉ አገር፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው ሁሉ ወሬ ነበር።

የወዲህ ማዶ ሰው ደግ ነው፤ እንግዳ ያከብራል፣ ሠርቶ ያድራል። አንድ አመል ግን ነበረበት። በአፍ የተነገረውን አያምንም። ልጅ ቢወለድ፣ ጎጆ ቢወጣ፣ ሰው ቢሞት፣ ነገሩ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ከማኅበሩ የሰሌዳ ቤት ግድግዳ ላይ ካልተሰቀለ እንዳልሆነ ይቆጠራል። ሰው ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳ ቤቱ ይሄድና አዲስ የተሰቀለውን ያነባል፤ እልል የሚልበትን እልል ብሎ፣ የሚያለቅስበትን ለይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሕጋቸው «ቀብር የምድር ነው፤ ልቅሶ የሰሌዳ ነው» ይላል። ሬሳ አይጠብቅምና ሟቹን በዕለቱ ይቀብሩታል። ሰሌዳው ሳይነበብ ግን ማንም አያለቅስም፤ ሟቹም በሕግ ፊት አልሞተም። አንድ ምስኪን ሰሌዳው ተገልብጦ በመሰቀሉ ምክንያት፣ ከተቀበረ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመንገድ ሥራ ሲጠራ ኖሯል። በቀረ ቁጥርም ሰነፍ ተብሏል።

የዚህ ቤት ጠባቂ እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ጠባቂነቱ ደመወዝም ማዕረግም የለውም፤ መጥረጊያና ወቀሳ ብቻ ነው ያለው። እሷ ግን ለምና ነው የያዘችው። እናቷ የሞቱ ጊዜ ሰሌዳቸው ከምስማሩ ወድቆ ከሳጥን ኋላ ገባ። አገር የሚያውቃቸውን ሴት፣ ከመውደቁ በፊት ያነበቡ አራት ሰዎች ብቻ አለቀሱላቸው። እማዋይሽ ያን ቀን ከድንኳኑ በር ላይ ሆና መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። ከዚያ በኋላ የማንም ሰው ሞት ሳይነበብ እንዳይቀር በእናቷ አጥንት ማለች። በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው ነገር ይኸው አንዱ ነበር።

ቤቱ ታዲያ አርጅቷል። መሬቱ የአንድ ባለርስት ነው፤ ባለርስቱ የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ያብጣል። ይባስ ብሎ አንዳንድ ቀን ቤቱ ይተኛል። ቤት እንዴት ይተኛል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እነሱም ጠይቀው አያውቁም። ሰው ከሩቅ መንደር ሰሌዳውን ተሸክሞ ሲመጣ፣ የቤቱ የቁልፍ ሹም ሊቀ ቁልፍ ገላው በሩ ላይ ቆመው «ዛሬ ቤቱ ተኝቷል፤ ነገ ተመለሱ» ይላሉ። መቼ ይነሣል ሲባሉም ሲነሣ ነው ይላሉ። ሰውም እሺ ብሎ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከባለርስቱ መልእክት መጣ። ከዛሬ ወር በኋላ ቅዳሜ ዕለት ቤቱን አፈርሰዋለሁና ዕቃችሁን አውጡ የሚል ነው። የማኅበሩ ሸንጎ መደንገጥ አለብን ወይስ የለብንም በሚለው ላይ ዘጠኝ ቀን ተሰበሰበ። በዘጠነኛው ቀን በድምፅ ብልጫ ደነገጠ።

በዚህ መሀል ነው ላቀው የሚባል ጠራቢ ወንዙን ተሻግሮ የመጣው። የሱ መምጣት ብቻውን ግማሹን አገር አስቀየመ፤ ከወዲያ ማዶ ሰው ከመጣ ወዲያ ማዶ አለ ማለት ነዋ። ላቀው ከወንዙ ወዲያ ባለው ኮረብታ ላይ ጌታ የሌላቸው ቤቶች እንዳሉ ነገራቸው። የቤቱ አሠራር በበሩ ላይ ተቀርጿል፤ የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ አስመስሎ ይሠራል፣ ሲሰነጠቅም ያየው ሰው ይጠግነዋል። ሸንጎው ይህን ሰምቶ በጣም ተጠራጠረ። ሊቀ ቁልፍ ገላው ተነሥተው፣ ጌታ የሌለው ቤት የፈረሰ ቀን ማንን እንከሳለን አሉ። ጥያቄው ለሁሉም ከባድ ሆነ።

«አሁንስ የምንከሰው ጌታ አለን አይደል?» አለች እማዋይሽ ከበር አካባቢ። «ለመሆኑ ከሰነው እናውቃለን?»

ሊቀ ቁልፍ፣ ሴትዮዋ ቀርቦ የማያውቅ ነገር አቀረበች ብለው ተቀመጡ። ሸንጎውም ሌላ መሄጃ ስላልነበረው እንሻገር አለ።

መሻገሩ እንደ አፍ ቀላል አልሆነም። ያለፉት ዘመናት ሰሌዳዎች የሚገኙት በውስጠኛው ክፍል ነው፤ የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ከሊቀ ቁልፍ ገላው አንገት ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ተንጠልጥሏል። ክፈቱልን ሲባሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠየቁ። ደብዳቤው ተጻፈ። ማኅተሙ የት ነው ሲባል በውስጠኛው ክፍል ውስጥ ነው ተባለ። እንግዲያው ይከፈትና ማኅተሙ ይውጣ ሲባል፣ ያለ ማኅተም አይከፈትም ተባለ። በዚህ አምስት ቀን ሄደ። በአምስተኛው ቀን እማዋይሽ ደክሟት በሩን ደገፍ ስትል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ለካ ተቆልፎ አያውቅም። በአንገታቸው ያለው ቁልፍም የጎተራቸው ነበር። ሊቀ ቁልፍ ግን አላፈሩም። ቁልፍ ለመክፈቻ ሳይሆን ለመከበሪያ እንደተፈጠረ ለተሰበሰበው ሰው አስረድተው፣ ቁልፋቸውን መልሰው አንገታቸው ላይ አጠለቁ።

ከቁልፉ የባሰው የመለከቱ ነገር ነበር። በወዲህ ማዶ የሰሌዳ ቤቱን አቅጣጫ የሚናገር አንድ መለከት አለ፤ የመለከቱ ሹም አፈ መለከት ውቤ ይባላሉ። መለከቱ «ሰሌዳ ቤት እዚህ ነው» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። በየሸለቆው ደግሞ አንድ አንድ አስተጋቢ ተሹሟል። አስተጋቢ መለከቱን አንድ ጊዜ ከሰማ፣ የሰማውን ሰባት ቀን ይዞ ለመንደሩ ሰው ይደግማል። ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ደግሞ መጠየቅ መለከቱን እንደ መጠርጠር ስለሚቆጠር ክልክል ነው። ቤቱ ቆሞ ሳለ ይህ ማንንም አልጎዳም። ቤቱ ሲነሣ ግን፣ ከሸለቆው ያለ ሰው እስከ ሰባት ቀን ድረስ ሰሌዳውን ይዞ ወደ ባዶ ቤት ይሄዳል ማለት ነው።

ላቀው ይህን አስቀድሞ አይቶት ነበር። ከመሻገራችሁ በፊት አስተጋቢዎቹ ሰባት ቀን መያዛቸውን ትተው አንድ ቀን ብቻ እንዲይዙ አስነግሪ ብሎ እማዋይሽን መከራት። እማዋይሽ ወደ አፈ መለከት ሄደች። እሳቸውም እንዲህ ያለው አዋጅ ራሱ በአስተጋቢዎች በኩል ስለሚሄድ ሰባት ቀን ይፈጃል አሏት። ቆጠረችና፣ ግድ የለም፣ ገና ስምንት ቀን አለን፣ ዛሬ ይንገሩልኝ አለች። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ዓርብ ደግሞ አዋጅ አይወጣም። ቅዳሜ ስትሄድ ከንፈራቸው ደርቆ አገኘቻቸው። እሑድ ስትመለስ እዝን ባለ ፊት ተቀበሏት።

«አሁንማ ስድስት ቀን ነው የቀረሽ» አሏት። «የሰባት ቀን አዋጅ በስድስት ቀን አይነገርም፤ ትናንት ብትመጪ ኖሮ።»

«ትናንት መጥቼ ነበር።»

«መጥተሻል፤ ግን ከንፈሬ ደርቆ ነበር።»

እንግዲህ ምን ይባላል። የሚያናድድ ነገር ሲበዛ ሰው ይስቃል፤ እማዋይሽም እየሳቀች ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን አለቀሰች።

ሰሌዳዎቹ በሰው ጫንቃ ወንዙን ተሻገሩ። ውኃ ቢወስዳቸው ብላ እማዋይሽ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት አድርጋ አስጻፈች። በአዲሱ ቤት ላቀው አንድ ሥርዓት ነገራቸው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ሲሰቀል ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፤ ማን ያየዋል፣ ማን ይጽፍበታል፣ ማን ያወርደዋል። መልስ ያልተሰጠው ሰሌዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሸንጎው ጥንቃቄ ይሻላል ብሎ ለሦስቱም ጥያቄ ለሁሉም ሰሌዳ «ማንም አይችልም» አለ። እሑድ ጠዋት አገሩ በነጭ ልብስ ኮረብታውን ወጥቶ የአራት ሺህ ሰሌዳ ጀርባ አየ። ሊቀ ቁልፍ ገላው እንዲህ ያለ ጥበቃ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም ብለው እጅግ ደስ አላቸው። እማዋይሽና ላቀው ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ሲያዞሩ ዋሉ። ላቀውም ከመሄዱ በፊት ሁሉን የሚከፍት አንድ ቁልፍ በእጇ ሰጣትና፣ በዚህ ቁልፍ የማይቻል ነገር የለም፣ ስለዚህ እምብዛም አትጠቀሚበት ብሏት ወደ አገሩ ወረደ።

የዚያኑ ዕለት መለከቱ ከኮረብታው ተነፋ። በቅርብ ያሉት የሸለቆ አስተጋቢዎች ሰባት ቀናቸው በዚያ ሰሞን ስለሞላ አዲሱን ሰሙ። ከሁሉ የራቀችው ጥግ የምትባለው ሸለቆ ብቻ ቀረች። የጥግ አስተጋቢ አሮጌውን መለከት የሰማው ቅዳሜ ማታ ነው፤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይይዘዋል።

ጥግ ሰባት ቤት ብቻ ናት። ካሏት ሰዎች አገር የሚያውቀው አንዱን፣ አያ ድረስን ነው። አያ ድረስ የሰው ልቅሶ አያመልጠውም። ሩቅ መንገድ በእግሩ ተጉዞ ይመጣና፣ አይቶት ለማያውቀው ሰው እንኳ ከልቡ ያለቅሳል። የሟች ዘመድ ድረስ መጣ ሲባል ደረቱ ቀለል ይለዋል። እማዋይሽ ጥግ ቀረች ሲሏት መጀመሪያ በልቧ የመጣው እሱ ነው። ሸንጎውን ለመነች። እስከ ቅዳሜ ድረስ በአሮጌው ቤት ደጃፍ ልቀመጥ፣ የመጣውን ሰው ወደዚህ ልምራ አለች። ሸንጎው መክሮ ከለከለ። ሁለት ጠባቂ ካለ ሁለት ቤት አለ ይባላል፤ ሁለት ቤት ካለ ሁለት እውነት አለ ይባላል፤ በአንድ እውነትም አልተስማማን አሉ። እማዋይሽ እሺ አለች። እሺ ማለቷ ግን እንቅልፍ አልሰጣትም።

ዓርብ ጠዋት መጥረጊያዬን ረስቻለሁ ብላ ወንዙን ወደ ኋላ ተሻገረች። የባለርስቱ ሰዎች ጣሪያውን አንሥተው ጨርሰዋል። ባዶው ግድግዳ ላይ ግን አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በከሰል የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ ወደ ታች የሚንሸራተት። እንዲህ ይላል፤ «ወለላ የድረስ ባለቤት ረቡዕ ማለዳ ዐረፈች። ድንኳኑ ተጥሏል። የሚጠጣ ውኃ በመንገድ አለ፣ አትያዙ። ድረስ ነኝ።»

እማዋይሽ ቀኑን ቆጠረች። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። በእናቷ ድንኳን አራት ሰው መጥቶ ነበር፤ በዚህኛው አንድም የለም። ሰሌዳውን አወረደችና እንደ ልጅ አቅፋ ሮጠች።

ኮረብታው ላይ ስትደርስ ቀትር ሆኗል። ሰሌዳ በማለዳ እንጂ በቀትር አይሰቀልም፤ ምስማሩና መዶሻው ያሉበት ሳጥንም ይቆለፋል። ላቀው የሰጣትን ቁልፍ አወጣች። ሳጥኑን ከፍታ የወለላን ሰሌዳ በሩ ፊት ለፊት ቸነከረችው። ማን ያየዋል ለሚለው ጥያቄ፣ ጮክ ብላ ሁሉም አለች። ከዚያ አፈ መለከት ውቤ ምሳቸውን በልተው በተጋደሙበት ገባችና መለከቱን ከተሰቀለበት አነሣች። ከተፈጠረ ጀምሮ ሌላ ቃል ወጥቶበት የማያውቀው መለከት ያን ቀን እንዲህ አለ፤ «የድረስ ወለላ ሞታለች! ሰው አልደረሰላትም!»

አስተጋቢዎቹ ያልተጠየቀ ነገር አናስተጋባም ብለው ጆሯቸውን ያዙ። ሌላው ሰው ግን ሰማ። ከእርሻው፣ ከገበያው፣ ከወፍጮው እየተነሣ መጣ። ማመኑን አላመነም፤ በአፍ የተነገረ ነዋ። ሁሉም ወንዙን እየተሻገረ ኮረብታውን ወጣ፤ ሰሌዳውን በየተራ እየቀረበ አነበበ፤ አንብቦም «ለካ እውነት ነው» እያለ አንገቱን ደፋ። ጥግ ያለችው በተቃራኒው በኩል ነው። አራት መቶ ሰው ለማመን ዳገት ወጥቶ፣ ለመድረስ ቁልቁለት ወረደ። አፈ መለከትና ሊቀ ቁልፍም ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለማጣራት ተከተሉ።

ጥግ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አያ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ጎረቤቶቹ ረቡዕ ዕለት ወለላን እንደ ሕጉ ያለ ልቅሶ ቀብረው፣ ሰው ሲመጣ ጥራን ብለውት በየቤታቸው ገብተዋል። ከጎኑ አንድ ባዶ በርጩማ አለ፤ በበርጩማው ፊት ለፊት ያልተነካ ምግብ በሳህን ቀርቧል። ሽማግሌው ቁልቁለቱን የሸፈነውን ሰው አየና ብድግ አለ። ፊቱ ግን አልፈካም።

እማዋይሽ እግሩ ሥር ወደቀች። መለከቱን፣ ሰባቱን ቀን፣ ባዶውን ቤት፣ በደጃፉ መቀመጥ ሲገባት እሺ ብላ መቅረቷን ሁሉ ነገረችው። ጥፋቱ የኔ ነው አለችው። አያ ድረስ ሰምቷት ሲያበቃ ክንዷን ይዞ አነሣት።

«ሐሙስ ተናድጄ ነበር፣ ልጄ» አለ። «ለሁሉ የደረስኩ ሰው እንዴት ሰው ያጣል አልኩ። ማታ ላይ ሕጉ ትዝ አለኝ። ካላነበቧት መች ሞተች አልኩ። ራቷን አቀረብኩላት። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ስለ ጥጃዋ አንዳንድ ነገር ስነግራት ነው የዋልኩ።» ወደ በርጩማው ዞር አለ። «ነገ ብትመጡ ምን ነበረበት?»

 እማዋይሽ አንድ ወር ሙሉ የሮጠችው፣ ሳጥን ከፍታ መለከት የነጠቀችው ይህ ሰው ልቅሶ እንዳያጣ ነበር፤ እሱ የፈለገው ደግሞ አንድ ማታ ነው። እናቷን አሰበች። ለእናቷ አንድ ማታ ቢጨመርላት ምን ትሰጥ እንደነበር አሰበች። ከዚያ ወደ አራት መቶው ሰው ዞረች።

«የሰሌዳ ቤቱ ጠባቂ እኔ ነኝ» አለች። «እዚህ ከቆማችሁት መካከል የወለላን ሰሌዳ ያነበበ ሰው አለ?»

 ሁሉም አንብቦ ነው የመጣው፤ ሳያነብ የመጣ አንድም የለም። በወዲህ ማዶ ደግሞ የተነበበን አልተነበበም ማለት ከስርቆት የከፋ ወንጀል ነው። በመጨረሻ ሊቀ ቁልፍ ገላው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ እንኳ መነጽሬን ረስቼ ነው የወጣሁት» አሉ።

አፈ መለከት ውቤም እንቅልፍ ላይ እንደነበሩና ምንም እንዳላዩ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ያላየ በዛ። አንዱ ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ነበር፤ አንዷ ሰው ጋርዷት ነበር፤ አንዱ ደግሞ ከነጭራሹ ፊደል አልቆጠረም፣ ይህን እስከዚያን ቀን ሚስቱም አታውቅም ነበር።

«እንግዲያው ለራት ነው የመጣነው» አለች እማዋይሽ።

ሊቀ ቁልፍ ገላው ቀድመው ገቡ። ባዶው በርጩማ ፊት ሲደርሱ ቆም ብለው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይዘሮ ወለላ፣ እንደምን ዋሉ?» አሉ። የቀሩትም ተከተሏቸው። እየገባ እንደምን ዋልሽ የማይላት፣ ስለ ጥጃዋ የማይጠይቃት አልነበረም፤ ስለ እሷ ሆኖ የሚመልሰው አያ ድረስ ነው። ጎረቤቶቹ ለሐዘን ያዘጋጁትን ንፍሮና ዳቦ አወጡ። ሰዉ እያወራ በላ፤ አንዳንዴም ሳቀ። አያ ድረስ በዚያች ማታ ከሁሉም በላይ ብዙ ተናገረ፤ ወለላ በጋብቻቸው ቀን በበቅሎ ላይ እንዴት እንደተናደደችበት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳታናግረው በአራተኛው ቀን ጨው አቀብለኝ እንዳለችው ሁሉ።

እዚያው አድረው፣ ፀሐይ ስትወጣ አለቀሱላት።